የመጀመሪያ ስሜት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

ሰው አንድ አዲስ ነገር ባየ ወይም በሰማ ጊዜ ልቡ ሳይጠየቅ ይፈርዳል። ከቀረበለት ወጥ አንድ ጉርሻ እንደ ቀመሰ «ይጣፍጣል» ወይም «ጨው በዝቶበታል» ይላል፤ እንግዳውን ገና ከደጃፍ እንዳየው «ደግ ሰው ይመስላል» ወይም «ፊቱ አላማረኝም» ብሎ ይደመድማል። ይህ የመጀመሪያ ስሜት ከሰው ልጅ ባሕርይ ጋር የተፈጠረ ስለ ሆነ ልናስቀረው አንችልም፤ እናስቀረው ማለትም አይገባም። ይሁን እንጂ ስሜት አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የሁለቱን ልዩነት ሳይገነዘብ ብዕር የሚያነሣ ሰው በራሱም፣ በሚጽፍለት አንባቢም፣ በሚጽፍበትም ሥራ ላይ በደል ይፈጽማል።

እናንተ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዕድሜያችሁ አዲስ ዘፈን፣ አዲስ መጽሐፍና አዲስ ፊልም በየጊዜው ይደርሳችኋል። ስለ ደረሳችሁም ነገር ወዲያውኑ ትናገራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ትጽፋላችሁ። በዚህ ድርሰት የማቀርብላችሁ አስተያየት አጭር ነው። የመጀመሪያ ስሜታችሁን አትናቁት፣ አትደብቁትም፤ ነገር ግን በዳኝነት ወንበር ላይ አታስቀምጡት። ምስክር አድርጋችሁ አቁሙት፤ ቃሉንም መዝግቡለት፤ ፍርዱን ግን ነገሩን አዳርሳችሁ ከሰማችሁ በኋላ ስጡ። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ ባገኘሁት ትምህርት ሳይሆን፣ እኔ ራሴ እንደ እናንተ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በነቀምቴ ከተማ ከሠራሁት ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዚያ ጊዜ አዲስ የሙዚቃ ሥራ ወደ ከተማችን የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል በሚመጡት አውቶቡሶች ተጭኖ የሚመጣው የታሸገ ሲዲ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ቅጂ ነበር። ነቀምቴ የደረሰ ዘፈን ሳይውል ሳያድር ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲና ወደ ደምቢ ዶሎ፣ በሌላም በኩል ወደ ሻምቡ ይጓዝ ነበር። ከዘፈኑ ጋር ወሬውም ይጓዛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወሬው ከዘፈኑ ይቀድማል።

የጃኖ ባንድም ወሬ ከዘፈኑ በፊት ነበር የደረሰን። ጃኖ ማለት እንደምታውቁት በዳሩ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው የክብር ልብስ ነው። ይህን ስም የያዘው ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. አወጣ። ኤርታሌ በአፋር ምድር የሚገኝና በአፉ ቀልጦ የሚፈላ ዐለት ይዞ በመኖር የታወቀ እሳተ ገሞራ ነው። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር፤ እርሱም ጂጂ በሚል ስም የምትታወቀው የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም እ.አ.አ. በ2001 ሲወጣ በፕሮዲዩሰርነት የሠራ ሰው ነው። በጃኖ ባንድ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያን በአንድነት ይዘፍናሉ፤ ቃሉ አማርኛ ነው፤ የሙዚቃው ስልት ግን ሮክ ነው።

ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ዐይነት እ.አ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ተወልዶ በመላው ዓለም የተስፋፋ ነው። ዋና ሥሩ ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ሲሆን፣ ዋና መሣሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የጊታሩ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ሲያልፍ ሆን ተብሎ እንዲሻክርና እንዲያጓራ ይደረጋል። የዘፋኙም ድምፅ ብዙ ጊዜ ከልስላሴ ይልቅ ኃይልን ይመርጣል። በአገራችን ኤሌክትሪክ ጊታር ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ባንዶች ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ሮክን ዋና ስልቱ አድርጎ በአማርኛ የሚዘፍን ባንድ ለእኛ ለነቀምቴ ተማሪዎች አዲስ ነገር ነበር።

እኔ የጃኖ ባንድ ደጋፊ የሆንሁት አንድም ዘፈናቸውን ሳልሰማ ነው። በአዲስ አበባ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ስለ እነርሱ ያወራልኝን ይዤ ለክፍል ጓደኞቼ እንደ ዐይን ምስክር ሆኜ እተርክላቸው ነበር። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ መሆኑን ያኔ አላስተዋልሁም። ሳይሰሙ ማድነቅ ሳይሰሙ ከመንቀፍ የተሻለ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሳይመዝኑ ዋጋ መንገር ናቸው።

አልበሙ በወጣ ሰሞን ሲዲው እጄ እስኪገባ መታገሥ አቃተኝ። ስለዚህ ለስልክ ዘፈን ከሚጭን አንድ ሱቅ ገብቼ በሚሞሪ ካርዴ ላይ አስጫንሁ። ያገኘሁት አልበሙን በሙሉ ሳይሆን አምስት ዘፈኖችን ብቻ ነበር፤ እነርሱም ቅደም ተከተላቸው የተዛባ፣ አንዱም ከመካከሉ የተቆረጠ ነበር። በዚያው ሰዓት ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ፣ የባጃጁ ጩኸትና የረዳቶቹ ጥሪ በሚቀላቀልበት ቦታ፣ በስልኬ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሰማኋቸው። ከስልኩ የወጣው ድምፅ የቤዝ ጊታሩን ጨርሶ የዋጠ፣ ድራሙን ወደ ቆርቆሮ ድምፅ የለወጠ፣ ጊታሩንም እንደ ንብ መንጋ የሚነዝር ያደረገ ነበር። ቃላቱን ለመለየት አልቻልሁም። እጅግ አዘንሁ። ያዘንሁትም በሰማሁት ነገር ብቻ አልነበረም፤ በልቤ ሥዬው የነበረው ሌላ ስለ ነበረ ነው።

ኀዘኔም ወዲያውኑ ወደ ቍጣ ተለወጠ። በዚያው ማታ ለትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አንድ ጽሑፍ ጻፍሁ። ጽሑፉ ባጭሩ «ይህ አልበም ጩኸት ነው፤ ስሙ ጃኖ ይሁን እንጂ የለበሰው የሰው አገር ልብስ ነው፤ ቃሉ አይሰማም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ» የሚል ነበር። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ተማሪው ሳቀ፤ አጨበጨበም። እኔም የተሳካልኝ ሐያሲ የሆንሁ መሰለኝ።

ከዕረፍት በኋላ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ወደ እኔ ቀረበችና «ስንቱን ዘፈን ሰማህ?» አለችኝ። «አምስቱን» አልኋት። «ስንት ጊዜ?» «አንድ ጊዜ።» «በምን?» ስልኬን አሳየኋት። እርስዋ አልሳቀችም፤ አልተከራከረችኝምም። አጎቷ ከአዲስ አበባ ያመጣላትን የታሸገ ሲዲ ከቦርሳዋ አውጥታ «አዳርሰህ ስማው፤ ሰምተህ ስትጨርስ እንደ ገና ጻፍ» ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥነ ጥበብ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን የዚያችን ልጅ ሦስት ጥያቄዎች ያህል የጠቀመኝ ትምህርት አላገኘሁም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ እኔም አያያዜ ከሥሩ የተበላሸ ነበር።

ሲዲውን ያዳመጥሁት በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ሰባችን ቡና ሲጠጣ ነው። ወለጋ የቡና አገር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በውጭ ገበያ በነቀምቴ ስም የሚጠራ የቡና ዐይነት እስከ መኖር ደርሷል። በቡና ሥርዐታችን ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። አቦሉ ኃይለኛ ነው፤ መጀመሪያ ምላስን የሚይዘው እርሱ ነው። ሆኖም አቦልን ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ የቤቱን ጨዋታ ሳይሰማና ምርቃቱን ሳይቀበል ይሄዳል። አንድን የሙዚቃ ሥራ መስማትም እንዲሁ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ማዳመጥ ኃይለኛ ነው፤ ግን አቦል ብቻ ነው።

በዚያ እሑድ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ፣ ደኅና ድምፅ ባለው ማጫወቻ ሰማሁት። ያን ጊዜ በስልኬ ያልነበረው ቤዝ ጊታር ከሥር ሆኖ ዘፈኑን እንደ ቤት ምሰሶ ተሸክሞት አገኘሁት። የድምፃውያኑም ድምፅ ተደራርቦ ሲመጣ ጩኸት መሆኑ ቀርቶ መቀባበል ሆነ። ጸጥ ያለው ክፍል ከኃይለኛው ክፍል ቀድሞ የሚያዘጋጅ እንጂ በዘፈቀደ የገባ እንዳልነበረ ተረዳሁ። በስልክ የሰማኋቸው አምስቱ ዘፈኖች ከዚህ ሁሉ ተነጥለው የተቆረጡ ቅርንጫፎች ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የአያቴ ነገር ነው። አያቴ ከአርጆ በኩል ለገበያ መጥቶ በዚያ ቀን ከእኛ ጋር ነበር። አንዱ ድምፃዊ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃሉን እየወረወረ ሲዘፍን አያቴ ሲኒውን አስቀምጦ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ በኦሮምኛ «ይህ ልጅ ጌራርሳ ያውቃል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጌራርሳ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጀግናና አዳኝ ሥራውን፣ በደል የደረሰበትም ሰው ብሶቱን የሚያወጣበት የቆየ የዜማ ዐይነት ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ሽለላና ፉከራ ለዚህ ቅርብ ዘመድ ነው። በጌራርሳም ሆነ በሽለላ ድምፅ የሚለሰልሰው ለማስደሰት ሳይሆን፣ የሚጎላው ልብን ለማነሣሣት ነው። እኔ «የሰው አገር ልብስ» ያልሁትን ድምፅ አያቴ የራሱ ዘመድ አድርጎ ሰማው። እንዲህ ስል የጃኖ ባንድ ስልቱን ከጌራርሳ ወሰደ ማለቴ አይደለም። አያቴ ያስተማረኝ ነገር፣ ኃይለኛ ድምፅ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አለመሆኑን ነው።

ወደ ሙዚቃው አሠራር ስንገባም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። የአገራችን አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከብሉዝ የመጣው የሮክ ጊታርም ዜማውን በብዛት የሚያወጣው ባለ አምስት ድምፅ ከሆነ ቅኝት ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ የድምፆቹ ርቀትና አያያዛቸው ይለያያል። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። በአምስት ድምፅ መዝፈን ለለመደ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ የሮክ ጊታር ጨርሶ የማያውቀውን ቋንቋ አይናገርም። ይህን ማስተዋል በመናኸሪያው ጫጫታ መካከል ለቆመ፣ ቍጣውም ለቀደመው ተማሪ የሚቻል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማዳመጥ ነቀፌታውን ሁሉ ወደ ምስጋና ለወጠው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሲዲውን ለሦስተኛ ጊዜ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ስሰማ፣ የመጀመሪያ ስሜቴን በሦስት ወገን ከፈልሁት። አንደኛው የወደቀው ነው፤ «ጩኸት ብቻ ነው» ያልሁት በስልኬ ጥፋት እንጂ በሙዚቃው ጥፋት ስላልነበረ ወደቀ። ሁለተኛው የተለወጠው ነው፤ «የሰው አገር ልብስ ነው» ያልሁት «የሰው አገር መሣሪያ ይዞ የእኛን ዜማ ይፈልጋል» ወደሚል ሐሳብ ተለወጠ። ሦስተኛው ግን ጸንቶ የቆመው ነው፤ በአንዳንድ ቦታ የመሣሪያው ኃይል የግጥሙን ቃል ይሸፍነዋል የሚለው አስተያየቴ በጥሩ ማጫወቻ ሰምቼውም አልተለወጠም። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ቃል ይወዳል፤ ቃሉ ሲጠፋበት ቅር ይለዋል። ይህን ዛሬም ቢሆን በድፍረት እናገራለሁ፤ መብቱን ያገኘሁት ግን አዳርሼ በመስማቴ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን ጽሑፌን ጻፍሁ፤ እርሱም ተነበበ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ ብዙ ሰውም አላዳመጠም። ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አግኝቶኝ «ያን ሲዲ ልገዛው ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር፤ አንተ በጊዜ ባትናገር ኖሮ ከስሬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ሁለተኛውን ጽሑፍ አልሰማውም። ሐሳቤን እንደ ለወጥሁ ብነግረውም «አይ፣ ተወው» ብሎኝ ሄደ። ልጁ ያመሰገነኝ ከልቡ ነበር፤ እኔን የወጋኝም ምስጋናው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ተረት ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። የእኔ የአንድ ምሽት ቍጣ አንድን ልጅ ራሱ ሰምቶ ራሱ የመፍረድ ዕድል አሳጣው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል ዐውቃለሁ። «ዘፈን ለደስታ ነው፤ መጀመሪያ ካላስደሰተኝ ሦስት ጊዜ እንድሰማው ማን ያስገድደኛል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ይህ ተማሪ እውነት አለው። ማንም ሰው ያልጣመውን ዘፈን አጥፍቶ ወደ ሌላው የመሄድ ነፃነት አለው። ለራሱ የሚያዳምጥ ሰው ለማንም ዕዳ የለበትም። ለሌላ ሰው የሚናገርና የሚጽፍ ግን ዕዳ አለበት። በራሴ ጆሮ ስለማልወደው ነገር «አልወደድሁትም» ማለት ስለ ራሴ መናገር ነው፤ «የማይረባ ነው፤ አትግዙ» ማለት ግን ስለ ሥራውና ስለ ሌላው ሰው ገንዘብ መናገር ነው። ለመጀመሪያው አንድ ጊዜ መስማት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን አይበቃም።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ባለ ሙያዎች ብዙ ጊዜ ደክመው የሠሩትን ሥራ እኔ ያለ ዋጋ ከተቀዳ ቅጂ ቆራርጬ ሰምቼ፣ መልሼ ደግሞ ያንኑ ሥራ ነቀፍሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በአገራችን የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አዋጁ ስለ ዘፈንም እንደሚናገር አላሰብሁም ነበር። ሥራውን ሳይከፍሉ ወስዶ፣ ሳያዳርሱ ሰምቶ፣ ሳይጠየቁ መፍረድ ሦስት በደል በአንድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው አቀባበል የአንድን የሙዚቃ ሥራ ዕድል እንደማይዘጋ ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ከሄደ በኋላ በዚያው ቀርቶ እ.አ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቱ ግን አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት እ.አ.አ. በ2013 እንደ ገና ታተመ። በ28 ዓመት መካከል በሙዚቃው ላይ አንዲት ድምፅ እንኳ አልተጨመረችም፤ የተለወጠው አድማጩ ነው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሶ እ.አ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። እንግዲህ አንድ ሥራ ከ28 ዓመት በኋላ አዲስ ጆሮ የሚያገኝ ከሆነ፣ እኛ በአንድ ምሽት መዝገቡን ለመዝጋት ምን ያስቸኵለናል?

እንግዲያው የመጀመሪያ ስሜት ከንቱ ነውን? አይደለም። የመጀመሪያ ስሜት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። አንድን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካልተመዘገበም ይጠፋል። በዚህ ረገድ የነቀምቴ ከተማ የምትኮራበት ሰው አላት፤ እርስዋም አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር ለባርነት ስትወሰድ እ.አ.አ. በ1886 የጣልያን መርከቦች ነፃ አውጥተዋት ምጽዋ አጠገብ በሚገኘው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያም ሳለች የኦሮሞን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈረች፤ የሰበሰበቻቸውም ሁሉ በጠቅላላው 500 ያህል ናቸው። ከእነዚህ ጽሑፎች ከፊሉ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ እ.አ.አ. በ1894 ታተመ። እ.አ.አ. በ1904 ከእነ ኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተማረች። አስቴር የሰማችውን ጻፈች፤ ይህ መልካም ነው፣ ያ ክፉ ነው እያለች አላጣለችውም። ዳኛ ሳትሆን ምስክር ስለ ሆነች፣ እኛ ዛሬ የምንሰማው ነገር አገኘን።

ስለዚህ እናንተም አዲስ ነገር በሰማችሁ ጊዜ ጻፉ፤ ግን እንደ ምስክር ጻፉ። ምስክር መቼ እንዳየ፣ የት ቆሞ እንዳየ፣ ምን ያህሉን እንዳየ ይናገራል። እናንተም ዘፈኑን መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህሉን እንደ ሰማችሁ አስቀድማችሁ ግለጹ። ከዚያም ግሦቻችሁን ምረጡ። «መሰለኝ» እና «ነው» በሰዋስው ትምህርት ሁለት ግሦች ብቻ ናቸው፤ በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ ግን በመካከላቸው ትልቅ ርቀት አለ። «ጩኸት መሰለኝ» ያለ ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ ሐሳቡን ሊያርም ይችላል፤ «ጩኸት ነው» ያለ ሰው ግን ለመመለስ ሲፈልግ በሩን ራሱ ዘግቶት ያገኘዋል። በመጨረሻም ጽሑፉን አሳድሩት፤ ነገሩንም እንደ ገና ስሙ፤ የወደቀውን፣ የተለወጠውንና የጸናውን ለዩ። የጸናው ነቀፌታም ሆነ ምስጋና ያኔ የእናንተ ነው፤ ሳትፈሩ ተናገሩት።

የጃኖ ባንድ ሁለተኛ አልበም እ.አ.አ. በ2018 ሲወጣ እኔ መምህር ሆኜ ነበር። አንድ ጠዋት ክፍል እንደ ገባሁ የመጀመሪያውን ታሪኬን የሰሙ ተማሪዎቼ «መምህር፣ አዲሱ አልበም እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ማታውን ሰምቼው ስለ ነበር በልቤ ውስጥ ስሜቱ ትኩስ ነበር፤ አፌም ለመናገር ቸኵሎ ነበር። የዚያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ምስጋና ትዝ አለኝና «ገና አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት፤ እናንተም ስሙትና በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን» አልኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ተነጋገርን፤ ሁላችንም በአንድ ሐሳብ አልተስማማንም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይሰማ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም።